ቁጥብ መብላት ለማን?

የፓዶቫው ጣሊያናዊ ባለጸጋ ሉዊጂ ኮርናሮ መብልና መጠጥ አብዝቶ ገና በጎልማሳነቱ ታመመ። ከዚያ በቀን 12 አውንስ ምግብና 14 አውንስ የወይን ጠጅ ብቻ እየወሰደ ከ80 ዓመት በላይ ኖረ፤ ምክሩንም በ1558 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ጠግቦ ለሚያድር ሰው ጥሩ ምክር ነው። በፋሲካ ማግስት ሆዳቸውን ይዘው ለሚመጡት እኔም ይህንኑ እላለሁ።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እዚህ አዘዞ "አርጅቼ ምን እበላለሁ" እያሉ ሁዳዴን በሁለት ጉርሻ የሚገፉ እናቶች አሉ። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው ከመደብ መነሳት ሲያቅታቸው ልጆቻቸው "እርጅና ነው" ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ግን የምግብ እጥረት ነው! ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል (የኩላሊት ሕመም ካለ ሐኪም ይጠየቅ)። በጾምም ቢሆን ሽሮ፣ ምስርና ክክ አለን፤ ትሪያቸው ላይ ከእንጀራው ይልቅ ወጡ ይብዛ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፤ መድኃኒት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ራስን ያስታል።