«ለእናትየው አትንገሯት» የሚባል ሕክምና የለም

የዛሬው ጽሑፍ ቁጣ አለበት፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እናት በኦፕራሲዮን ወልዳ ተኝታለች። ልጇ ጊዜው ሳይደርስ ተወልዶ «ማሞቂያ» ገብቷል። ሐኪም ወጥቶ ቤተሰብ ይጠራል፤ አባት፣ አያት፣ አጎት ይሰበሰባሉ። ሕፃኑ እየደከመ መሆኑ ሲነገራቸው አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእናትየው አትንገሯት፣ አራስ ናት» ይላል። እኛ ሐኪሞችም «እሺ» እንላለን። እኔም ብያለሁ።

ከማልረሳቸው አንዷ ከአርሲ ደጋ የመጣች እናት ናት። ጡቷን እያለበች በኩባያ ትልክ ነበር። የመጨረሻው ኩባያ ሲደርስ ልጇ ከሞተ ሰዓታት አልፈዋል። በማግስቱ ሲነገራት አልጮኸችም። በኦሮምኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ሲሞት ማን አቅፎት ነበር?» መልስ አልነበረኝም።

ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ከነዚህ ሞቶች ጀርባ ብዙ ጊዜ ውሳኔ አለ። አንድ የሲፓፕ መሣሪያ ለሁለት ሕፃናት ሲያስፈልግ ማን ይቅደም? ሕክምናው መጥቀም ያቆመው መቼ ነው? ቤተሰብ «ወደ ቤት እንውሰደው» ሲል ምን ይደረግ?

በካርዱ ላይ የሕፃኑ ስም አይጻፍም፤ «የእገሊት ልጅ» ተብሎ የእናቱ ስም ነው የሚጻፈው። ውሳኔው ሲመጣ ግን ከሁሉም ቀድማ የምትቀረው ያቺው ስሟ የተጻፈው ናት። ይህ አያሳፍርም?

«ትደነግጣለች» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ትደነግጣለች። መደበቅ ግን ሐዘኑን አያስቀርላትም፤ ቀን ያዘገየዋል፣ ጥርጣሬ ይጨምርበታል። ልጇን በመጨረሻው ሰዓት ለማቀፍ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለም።

«ፈጣሪ ይተካልሽ» ማለትም ያው ነው። ከቀብር በኋላ ሲባል ማጽናኛ ነው። ሕፃኑ ገና እየተነፈሰ ሲባል ግን ፍርድ ነው።

እናትን ማራቅ ሕክምናውንም ይጎዳል። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ አይችልም፤ በእኛ ደጋ ብርድ ደግሞ ይብሳል። የእናት ደረት ገላ ለገላ ያሞቀዋል። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት ይህን የካንጋሮ እንክብካቤ ቶሎ መጀመር ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ2021 የታተመው በአምስት አገሮች የተደረገ ትልቅ ጥናትም ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ካንጋሮ ሲጀመርላቸው ሞት በ25 በመቶ ቀንሷል ብሏል። በራሱ መተንፈስ ላቃተው ወይም እጅግ ለታመመ ሕፃን ሐኪሙ ሊያዘገየው ይችላል። ለሌሎቹ ግን እናት ጠያቂ አይደለችም፣ የሕክምናው አካል ናት። ያልተነገራት እናት ደግሞ አትመጣም።

«አባት ፈርሟል፣ ይበቃል» የሚሉም አሉ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ አባትና እናት በጋራ የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው ይላል። አጎት በዚህ ውስጥ የለም።

ለሙያ ባልደረቦቼም ልናገር። ሥራው እንደሚበዛ፣ አንዲት ነርስ ስንት ሕፃን እንደምትይዝ አውቃለሁ። ቢሆንም መሣሪያ ሲያንስ የሚቀድመው የበለጠ የሚጠቅመው ሕፃን ነው እንጂ ዘመድ ያለው፣ ገንዘብ ያለው ወይም ወንድ የሆነው አይደለም። ይህንንም አንድ ሐኪም በሌሊት ብቻውን ወስኖ ዝም ሊል አይገባም። ሁለት ሆነን እንወስን፣ ምክንያቱን ካርዱ ላይ እንጻፍ፣ ለእናትየው በምትሰማው ቋንቋ እንንገራት። ወንበር ስቦ አምስት ደቂቃ መቀመጥ መሣሪያ አይጠይቅም።

እውነት መናገር ማለት አንዳንዴ «ከዚህ በላይ ማሽኑ አይጠቅመውም» ማለትም ነው። የማይጠቅምን ማሽን ማቆም ሕፃኑን መጣል አይደለም። ሥቃዩን ማስታገስ፣ ማሞቅ፣ በእናቱ እቅፍ ማድረግ ይቀራል። ክርስትና የሚያስነሣው፣ አዛን በጆሮው የሚያሰማው ቤተሰብም ጊዜ ያገኛል። በዝምታ ከወሰንን ግን ይህንን ሁሉ እንነጥቃቸዋለን።

ልጃችሁ ማሞቂያ ከገባ እነዚህን ጠይቁ፦

✅ የልጄ ሕመም ምንድን ነው? ዛሬ ከትናንት ተሽሎታል ወይስ ብሶበታል?
✅ አሁን የሚሰጠው ሕክምና ምን እንዲያደርግለት ነው? ካልሠራስ?
✅ ያስፈልገዋል ተብሎ ያላገኘው ነገር አለ? ሪፈር ይረዳዋል?
✅ እናቱ መቼ ልታቅፈው ትችላለች?
✅ ሕክምናው እንዲቆም ወይም ወደ ቤት እንዲሄድ ከታሰበ እናቱ ሰምታለች?

እናንተ አባቶች፣ ሚስታችሁ መነሣት ካልቻለች በተሽከርካሪ ወንበር ትምጣ። እናንተ እናቶች፣ ማንም «አርፈሽ ተኚ» ቢላችሁ «ልጄን አሳዩኝ» በሉ። እናንተ አያቶችና አክስቶች፣ ፍቅራችሁን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ከአሁን በኋላ «አትንገሯት» አትበሉን። እኔም ከአሁን በኋላ «እሺ» አልልም።

ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት ሁሉ ሼር አድርጉ።