በክረምት ማን ያቡካ? ማን ያንብብ?

ክረምት ወደ ሰቆጣ ሲገባ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅና ረኀብ ያዩት የዋግ አዛውንቶች ዝናብ ቢበዛባቸው እንኳ አያማርሩም፤ እኛም ከእነርሱ ተምረን ጭቃውን በምስጋና እንረግጣለን። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው በእነዚህ ወራት፥ ደጁ ሲዘንብ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ መጽሐፍ እንደ ማንበብ ያለ ደስታ የለም። ይሁን እንጂ ይህ ደስታ በየቤታችን ለሁሉ እኩል እንዳልተሰጠ ባለፈው የቡሄ ዋዜማ ተረዳሁ።

ነሐሴ 12 ቀን ከጧት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። እናቴ ለበዓሉ ሙልሙልና ድፎ ዳቦ ለመጋገር እሳት ታቀጣጥላለች፤ ታናሽ እኅቴ ቡሓቃው ላይ ጐንበስ ብላ ታቦካለች፤ የእርጥቡም እንጨት ጢስ ዓይኗን ያስለቅሳታል። እኔ ጋቢ ተከናንቤ፥ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አነብ ነበር። እናቴ ፈገግ ስል አይታ በኽምጥኛ፥ «ለብቻህ ከምትስቅ ለእኛም አሰማን» አለችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ስለ ማስተማሩ አነበብሁላቸው። እኅቴ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ፥ «ወንድምዓለም፥ ሰብለ ወንጌል ስትማር ሊጡን ማን ያቦካላት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አጣሁ። በልቤም አሰብሁት፦ በዚያ ክረምት እኔ ሦስት መጻሕፍት ጨርሻለሁ፤ እርስዋ ግን በውኃ መቅዳት፥ በወፍጮና በምድጃ መካከል አንዱንም አልገለጠችም። የምንማረው ግን በአንድ ክፍል ነው፤ መስከረም ሲጠባ የሚጠብቀንም አንድ ትምህርት ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን ሰጥቻት፥ እጄን ታጥቤ በቦታዋ ተተካሁ። ሊጡ ከጣቶቼ አልላቀቅ ብሎ አሣቃቸው፤ እርስዋ ግን ከእኔ ይልቅ አጥርታ አነበበች። ሊጡ ኩፍ እስኪል ድረስ ብዙ ገጽ ሄደች። በኋላም ከላይና ከታች እሳት አድርጌ ዳቦውን ስጠብቅ፥ ታሪኩ ልቤን ወሰደውና አንድ ጐኑ አረረ። እናቴም፥ «ያረረውን ያሳረረው ይብላው» ብላ ፈረደች፤ በላሁትም።

አንዳንድ ሰዎች ማቡካትና መጋገር የሴት ሥራ ነው ይላሉ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ በቤተ ልሔም የቅዳሴውን ኅብስት የሚያዘጋጁት ወንዶች አይደሉምን? ለመሠዊያው መጋገር ክብር ከሆነ፥ ለእናትና ለእኅት መጋገር እንዴት ውርደት ይሆናል? ሌሎች ደግሞ ወንድ ልጅ በክረምት እርሻና ከብት አለበት ይላሉ። እውነት ነው። እኔ የምናገረው ግን ዝናቡ ሁላችንንም በቤት ስለሚያውልበት ቀን ነው።

ክቡራን ወላጆች፥ በዚያ ቀን ሥራውንም ንባቡንም ለወንድና ለሴት ልጃችሁ አካፍሉ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እያንዳንዳችን አንድ መጽሐፍ ይዘን ወደ ቤት እንግባ፤ ማንበብ ያልተማረች እናትም እንድትሰማ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብ።

ከቡሄ በኋላ ነሐሴ 16 ቀን ሻደይ ይደርሳል። ልጃገረዶቻችን ለምለሙን ሻደይ በወገባቸው ታጥቀው ሲጫወቱ ሁላችንም ወጥተን እናጨበጭባለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን እኅቱን በአደባባይ የሚያወድስ ሰው፥ በጓዳም የማንበብ ተራዋን ይስጣት።