የልጅዎ ክንድ ተሰብሮ ሲታሰር ጣቶቹን ይመልከቱ

ልጅ ሲጫወት ይወድቃል። ሲወድቅም እጁን ዘርግቶ መሬቱን ስለሚደገፍ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ክንዱ ነው። በዚህ ጊዜ ወላጆች የሚያስቡት ስለ ስብራቱ ብቻ ነው። ነገር ግን ከስብራቱ ይልቅ እጅ የሚያሳጣው ጠብቆ የታሰረ እስራት መሆኑን እያንዳንዷ እናት ልታውቅ ይገባል።

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። ሲሰበር በዙሪያው ደም ይፈስና ይረጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ቦታ ለስላሳ መጋጠሚያ ይበቅላል፤ እሱም ቀስ በቀስ ጠንክሮ አጥንት ይሆናል። የሕፃን ክንድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ሲገጥም፣ የአዋቂ ሰው ቅልጥም ግን 3 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አጥንቱን የሚያገጥመው ሰውነት ራሱ ነው። የጄሶውም ሆነ የቀርከሃው ተግባር አጥንቱን አቃንቶ፣ ሳይነቃነቅ ማቆየት ብቻ ነው። ስለዚህ አጥብቆ ማሰር ፈውሱን አያፋጥንም።

እንዲያውም ይጎዳል። የተሰበረ አካል በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ያብጣል። እስራቱ ከጠበቀ እብጠቱ መሄጃ ስለሚያጣ የደም ሥሮችን ያፍናል። ደም ያጣ ሥጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጋንግሪን ይከተላል፤ እጅንም እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ይህ በወጌሻ ቀርከሃ ብቻ ሳይሆን በሐኪም ቤት ጄሶም ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ምን ያደርጋሉ? ልጁ እንደወደቀ ክንዱን አይሹት፤ አይጎትቱት። በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥለው ራጅ ወደሚነሣበት ሐኪም ቤት ይውሰዱት። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ፈጥነው ይሂዱ።

ክንዱ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ዘወትር ይታዩ። ልጁ ሲተኛም ክንዱን በትራስ ከፍ ያድርጉለት። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድዎ በፊት፣ ሲመለሱና ከመተኛትዎ በፊት ጣቶቹን ይመርምሩ። ይሞቃሉን? ሲነኳቸው ይሰማዋልን? ራሱ ያንቀሳቅሳቸዋልን? ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቶሎ ደም ይመለስበታልን? ቀን ልጁን ለሚጠብቁልዎ ሞግዚት ወይም ጎረቤትም ይህንኑ ያሳዩአቸው።

ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ «እስኪነጋ ይቆይ» አይበሉ። በቀርከሃና በጨርቅ የታሰረ ከሆነ ወዲያውኑ ያላሉት፤ ልጁንም በሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት። ጄሶም ከሆነ ሐኪሙ ቀዶ ያላላዋል።

ጄሶው ሲነሣ ክንዱ ቀጥኖ፣ መገጣጠሚያውም ደርቆ ቢያገኙት አይደንግጡ። ልጁ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እንዲያንቀሳቅሰው ያበረታቱት እንጂ በኃይል አያጥፉት። ወተት፣ እንቁላልና የባቄላ ወይም የምስር ወጥ ያብሉት። የላላ እስራት ተመልሶ ይታሰራል፤ የተቆረጠ እጅ ግን አይመለስም።