ሸለቆው የለየውን መንገድ ሲያራርቀው

በካርታ ላይ መንዝና መርሐቤቴ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የአዳባይና የወንጭት ወንዞች ሸለቆ ነው። ይሁንና ከዓለም ከተማ የሚነሳው ዋና የመኪና መንገድ ጀማን ተሻግሮ በለሚና በሙከጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያመራል። ከመሐል ሜዳ የሚወርደው ደግሞ ጣርማበር ላይ ከደሴው አውራ ጎዳና ይገናኛል። ሁለቱም አካባቢዎች መቀመጫውን ደብረ ብርሃን ባደረገው በሰሜን ሸዋ ዞን ሥር ቢሆኑም፣ በመንገድ ረገድ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተዋል።

ይህ ሁኔታ የመነጨው ከመልክዓ ምድሩ ብቻ አይደለም። የሸዋ መኳንንት መነሻ መንዝ ነበር። የንግዱ መስመር ወደ ባሕር ጠረፍ ሲያዘነብል ግን ሥልጣኑም አብሮ ወረደ፤ ከአንኮበር ግርጌ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ የቅፍለት ነጋዴዎች መናኸሪያ ሆነ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ፣ የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. ሲደርስላት፣ አንኮበር በተራዋ ደበዘዘች። ከዚያም ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ጣርማበር ላይ ተራራውን በስቶ የደሴን መንገድ አሳለፈ። ዓላማው ሠራዊት ማጓጓዝ እንጂ የመንዝን ገብስ ገበያ ማድረስ አልነበረም። ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና ግን መስመሩ ላይ በመገኘታቸው ተጠቀሙ።

የመንገድና የግዛት አደረጃጀትን ዝምድና የሚያጠኑ ባለሙያዎች ዛሬ ይህን ታሪክ በኮምፒዩተር ስሌት ይፈትሹታል። ጀርመናዊው ቫልተር ክሪስታለር በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ ማዕከላዊ ከተሞች የጻፈው ንድፈ ሐሳብ ሜዳማ ምድርን መነሻ ያደረገ ነበር፤ ለወንጭት ገደል የሚበጅ አይደለም። አዲሱ ስሌት በአንጻሩ መሬቱን በትንንሽ ካሬዎች ከፍሎ፣ ለዳገቱ፣ ለወንዙና ለክረምቱ ጭቃ የድካም ዋጋ ይሰጣል። ከዚያም እያንዳንዱ ቀበሌ በትንሹ ልፋት የሚደርስበትን ገበያ ይለያል። የቀየት አርሶ አደር ይህን ያለ ኮምፒዩተርም ያውቀዋል፤ ርቀትን የሚለካው በሰዓትና በአህያ ድካም ነውና።

አደጋው ስሌቱ የሚመገበው መረጃ ላይ ነው። የዛሬው መንገድ ብቻ ከገባበት፣ ደብረ ብርሃን የተፈጥሮ ማዕከል መስላ ትወጣለች፤ የወራሪው ጦር ውሳኔም እንደ ሳይንስ ግኝት ይቀርባል። ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት ወይም ኮሌጅ የት ይሁን ሲባል በዚህ ውጤት ከተመከረ፣ መንገድ ያጣው ቀበሌ ዳግመኛ ያጣል።

ስለዚህ የሌለውን መንገድም ማስላት ያስፈልጋል፦ በሸለቆው ላይ ድልድይ ቢኖር መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ምን ያህል ገበያተኛ ይለዋወጣሉ? መልሱ ሁሉን ላያስደስት ይችላል። ጥሩ መንገድ ገዢን እንደሚያመጣ ሁሉ፣ የትንሿን ከተማ ደንበኛም ጭኖ ወደ ትልቋ ይወስዳል።