መጥረጊያ ካላሳፈረን መዶሻ ለምን ያሳፍረናል?

እህቶቼ፣ እኛ የሰው ሽንት ቤት አጥበን፣ የሰው ምንጣፍ አራግፈን፣ የሰው ልጅ አዝለን አድረን አላፈርንም። ማፈርም የለብንም፤ ሥራ ነው። ታዲያ አገር ቤት ስንገባ ማጭድና ቢላዋ የሚሠራ እጅ ለምን ያሳፍረናል?

ይህን የሚያስብለኝ በቅርቡ በቡድናችን የሰማሁት ሳቅ ነው። አንዲት የአል ዓይን እህታችን ኮንትራቷ ሲያልቅ ብረት ሥራ እማራለሁ አለች። «ቀጥቃጭ ልትሆኚ?» ተባለች። «ቡዳ ነች ይሉሻል፣ ማን ያገባሻል?» አለቻት ሌላዋ። ሁሉም ሳቀ። ቡቲክ እከፍታለሁ ብትል ኖሮ ግን እልል ይባልላት ነበር። በላክነው ብር ተከፍቶ በዓመቱ የተዘጋ ሱቅ እዚህ ከመካከላችን የማያውቅ አለ?

እስቲ እንነጋገር። ገበሬው አባቴ የሚያርስበትን ማረሻ ማን ሠራው? እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ፣ የምትፈልጥበትን መጥረቢያስ? ያ «ቡዳ» የተባለው ሰው ነው። ሚስቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ምጣዱና ጀበናው የእሷ ነው። በእጃቸው ሥራ እየበላን በስማቸው ተሳደብን። አፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ከእኛ ጋር በአውሮፕላን ተሳፍሮ አቡዳቢ ገብቷል።

የምንኖርበትን አገር ደግሞ ተመልከቱ። እነዚህ ሰዎች ዘይት አላቸው፣ ሁሉን መግዛት ይችላሉ። ግን የአያቶቻቸውን የእጅ ሥራ አልጣሉትም። ሳዱ የሚባለው የበደዊን ሴቶች ሽመና በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል። አቡዳቢ መሀል ቀስር አል ሆስን ውስጥ የባለሙያዎች ቤት አለ፤ ሽመናና የዘንባባ ቅጠል ስፌት የሚያውቁ ሴቶች እዚያ በክብር ተቀምጠው ያሳያሉ። አል ዓይን ያላችሁ ደግሞ የአል ቀጣራ የጥበብ ማዕከልን ታውቁታላችሁ፤ ሸክላ ይሠራበታል። የእነሱ ሸክላ ሠሪ ስትከበር የኛዋ «ቡዳ» ትባላለች? በዕረፍት ቀናችሁ ሄዳችሁ እዩ፣ ከዚያ እንነጋገር።

«ዕረፍት የለንም» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ብዙ ቤት አይሰጥም። ሕጉ ግን ይሰጣል። ከ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው፣ በቀን ደግሞ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን ያዛል። ይህን ማወቅም ሙያ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ መማር ሌላ፣ ያለ ፈቃድ ለሌላ ሰው በክፍያ መሥራት ሌላ። ሁለተኛው ያስቀጣችኋል።

«ሴት ልጅ ብረት አትቀጠቅጥም» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ሰገነት ላይ ያወጣ ክንድ አንድ ኪሎ መዶሻ አያቅተውም። ደግሞ ብረት የሚሠራው በጉልበት ብቻ አይደለም፣ በዓይን ነው። ብርቱካንማ ሆኖ ሲግል ይመታል። ቅላቱ ሲደበዝዝ ይቆማል፣ ወደ እሳት ይመለሳል፤ በግድ ከመቱት ይሰነጠቃል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏል። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን ሳታሳርር የምታቁላላ ሴት ይህን ማየት ያቅታታል?

እዚህ ሆናችሁ እሳት አታንድዱ። በአሠሪ ቤት ሰገነት ላይ ከሰል መለኮስ አደጋም ነው፣ ጣጣም ነው። ግን ያለ እሳት የሚጀመር አለ። የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ የሚሄደው እንደ ጭቃ ነው። ስለዚህ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ወስዳችሁ በትንሽ እንጨት እየመታችሁ ጫፉን ማሾል፣ መዘርጋት፣ መጠምዘዝ ተለማመዱ። የወጥ ቤቱን ቢላዋ በድንጋይ መሳል ልመዱ፤ ስለት ምን እንደሆነ እጃችሁ ይወቅ።

አገር ስትገቡ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ብየዳና ብረታ ብረት ያስተምራሉ። ወናፍና መስፉን ግን ከሰፈር ባለሙያ መማር ይሻላል፣ በአክብሮት ቀርባችሁ፣ ከፍላችሁ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ከቀጭን ፌሮ የሚወጣ መንጠቆ ይሁን፣ ቀጥሎ የከሰል መቆስቆሻ። ቢላዋ በኋላ ነው፤ እሱም ከመኪና ባሌስትራ እንጂ ከፌሮ አይደለም፣ ፌሮ ስለት አይዝም። ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ አታስገቡ፣ ጭሱ ያሳምማል። የጥጥ ልብስ፣ የቆዳ ጫማ፣ መነጽር። አባያና ናይለን ይቀልጣል።

ሀብታም ትሆናላችሁ አልልም። የቻይና ማጭድ ገበያውን ሞልቶታል። ግን የታጠፈ ማረሻ፣ የደነዘ መጥረቢያ፣ የተሰበረ የበር መቀርቀሪያ የሌለበት ቀበሌ የት አለ? ብሩን ወንድም ይበላዋል፣ ዕቁብ ይበላዋል፣ ኑሮ ይበላዋል። እጅ ላይ ያለውን ግን ከፊልም ደላላም አይወስደው። ሦስተኛ ኮንትራት ከመፈረም የሚያድነን ይህ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ አንዷ «ብረት እማራለሁ» ወይም «ሸክላ እማራለሁ» ስትል የሚስቅ ካለ፣ በመጀመሪያ የእናቱን ምጣድ ይመልስ።