ሁሉም አይጥ አንድ አይደለም፦ ከጮቄ ማን እየወጣ፣ ማን እየገባ ነው?

ከጎጃም የተገኘ፣ በመላው ዓለም አንድ ናሙና ብቻ ያለው እንስሳ አለ። አሁን ያለው አሜሪካ፣ ቺካጎ፣ ፊልድ ሙዚየም ውስጥ ነው። ዋልያ አይደለም፣ ቀይ ቀበሮም አይደለም። አይጥ ነው።

አትሳቁ፣ ቆይ። ነገሩ ከአይጥ በላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 (በእኛ 1919 ዓ.ም.) ዊልፍሬድ ኦስጉድ የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ተመራማሪ የሚመራው ቡድን ጎጃምን ሲያቋርጥ፣ ግልገል አባይ መነሻ አካባቢ ወጥመድ ዘረጋ። አንዲት አይጥ ተያዘች። ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለና ውኃ የማያሳልፍ፣ የኋላ እግሯ ሰፋ ያለ፣ ለመዋኘት የተሠራች የምትመስል ነበረች። ኦስጉድ በቀጣዩ ዓመት አዲስ ስም ሰጣት፦ ኒሎፔጋሚስ ፕለምቢየስ። የመጀመሪያው ቃል "የናይል ምንጭ አይጥ" እንደማለት ነው፤ ሁለተኛው የእርሳስ ብረት ቀለም ያላት መሆኗን ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ ወደ መቶ ዓመት ሊሞላ ነው። ተመራማሪዎች ተመልሰው ፈለጉ፣ ሁለተኛ አልተገኘችም። የተያዘችበት አካባቢም በከብት ግጦሽ ክፉኛ ተጎድቷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት "እጅግ ለአደጋ የተጋለጠ፣ ምናልባትም የጠፋ" በሚለው ደረጃ ላይ አስቀምጧታል።

እንግዲህ ቢቸናና ሞጣ ላለን ሰዎች ጥያቄው ይሄ ነው፦ ግልገል አባይ ላይ የሆነው ነገር ከጎናችን ባለው ጮቄ ላይ እየሆነ ከሆነስ? ማን ይቆጥራል?

ጮቄ በዜና፣ ጮቄ በመሬት

ጮቄ ዜና ላይ የሚወጣው ባብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቱሪዝም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የጮቄ ተራሮች ኢኮቪሌጅ በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው ውኃ ነው። ሙጋም ሱሃም ሌሎቹም ብዙ ወንዞች ከዚያ ተነሥተው አባይ ይገባሉ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከተራራው ታጥቦ የሚወርደው አፈር የት እንደሚሄድ መጠየቅ ለሁሉም ግልጽ ሆኗል።

ስለ ዱር እንስሳቱ ግን ብዙ አይወራም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የሚታይ ትልቅ እንስሳ የለም። የስሜን ተራሮች ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ስላላቸው እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ጮቄም ቀይ ቀበሮ ነበረው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ጠፋ። ከጉና ተራራም እንደዚሁ። ዛሬ በመላ ሀገሪቱ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው ተብሎ ይገመታል።

ቀይ ቀበሮ ደግሞ ምን ይበላል? አይጥና ፍልፈል። ባሌ ላይ በተደረገ የታወቀ ጥናት ከሚይዛቸው እንስሳት ውስጥ 96 በመቶ ያህሉ የአይጥ ዘሮች ናቸው። ስለዚህ ትንሹ እንስሳ ለትልቁ ቀለቡ ነው። መሠረቱ ሲነካ ጣሪያው መውደቁ አይቀርም።

"አይጥ" የምንለው ስንት ነው?

በአማርኛ አይጥ፣ አይጠ መጎጥ፣ ፍልፈል፣ ጃርት እንላለን። እነዚህ ሁሉ የአንድ ትልቅ ወገን አባላት ናቸው፤ መለያቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚያድግ የፊት ጥርስ ነው። ጃርትም አለችበት፣ አዎ። ሽኮኮ ግን የለችበትም፤ መልኳ ቢመስልም በዝምድና ለዝሆን ነው የምትቀርበው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ወገን ዝርያዎች ወደ መቶ ይጠጋሉ፣ ብዙዎቹም ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። ቁጥሩ ደግሞ እየጨመረ ነው። እንስሳቱ ስለተባዙ አይደለም፤ በአንድ ስም ስንጠራቸው የነበሩት ብዙ ሆነው ስለተገኙ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ሎፉሮሚስ የሚባል አለ፤ ጸጉሩ እንደ ብሩሽ ጠንከር ያለ የደጋ አይጥ ነው። ድሮ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያሉት አብዛኞቹ "ሎፉሮሚስ ፍላቮፑንክታተስ" በሚል አንድ ስም ተጠቃለው ነበር። ሩሲያዊው ሊዮኒድ ላቭሬንቼንኮና ባልደረቦቹ ዲ.ኤን.ኤ እና የራስ ቅል እያነጻጸሩ ሲያጠኑ ግን የተለያዩ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ብቻ ሦስት አዲስ ስሞች ወጡ። አንዱ ከመናገሻ፣ አንዱ ከጨርጨር የተወሰደ ስም ነው። የስሜን ተራሮችን ስም የያዘም ከቀድሞው አለ። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ተራራ የራሱን አይጥ ይዞ ተቀምጧል።

ሌላው ስቴኖሴፋለሚስ ይባላል። ይሄ ሙሉ በሙሉ የኢትዮጵያ ነው፣ ሌላ ሀገር የለም። አራት ዝርያ አለው ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት ተጨምረው ስድስት ሆኑ።

ለምን በየተራራው ተለያዩ?

ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው መልሱን በዓይኑ አይቶታል። ደጀን ደርሳችሁ አባይ በረሃን ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደጋ ቆላ ገባችሁ ማለት ነው። እናንተ መኪና አላችሁ። የሾላ ፍሬ የምታህል፣ ብርድ የለመደች አይጥ ግን ያንን ሙቀት አቋርጣ ወዲያ ማዶ አትወጣም። ለእሷ አባይ ሸለቆ ግንብ ነው፤ ስምጥ ሸለቆም እንደዚያው። ስለዚህ የደጋ ተራሮች በቆላ ባሕር መሃል እንዳሉ ደሴቶች ናቸው።

በጥንቱ የበረዶ ዘመን ብርዱ ወደ ታች ሲወርድ ደሴቶቹ ይቀራረቡ ነበር፣ እንስሳቱም ይገናኙና ይዋለዱ ነበር። ሲሞቅ ደግሞ እያንዳንዱ ወደየተራራው ይወጣል። በዚህ መሃል ነው የተለያዩት። ለዚህም ነው ምደባው ለሳይንቲስቶችም የሚያስቸግረው፤ መልካቸው አንድ ሆኖ ዘራቸው የተለየ፣ ወይም በመልክ ተለይተው ከድሮ መዋለድ የተረፈ ዲ.ኤን.ኤ የሚጋሩ አሉ።

የጉም ደን፣ እና የኛ ቁርጥራጮች

የጉም ደን ማለት ውኃውን ከዝናብ ብቻ ሳይሆን ከጉሙም የሚያገኝ ደን ነው። ጉሙ ቅጠልና ሽበት ላይ ያርፋል፣ ይንጠባጠባል፣ ምንጭ ይሆናል። ትልቁን ለማየት ባሌ ሐረና ወይም ደቡብ ምዕራብ መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሸኮ ደን ውስጥ ዴስሞሚስ ያልደኒ የሚባል አዲስ የአይጥ ዝርያ የተመዘገበው በዚህ ዓይነት እርጥብ ደን ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ላይ የቀረው ቁርጥራጭ ነው። ከላይ ጅብራና ጓሳ፣ ዝቅ ሲል አስታና አምጃ፣ ከዚያ ቀርቀሃ፣ ከዚያ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የተረፈው ጽድ፣ ወይራና ዝግባ። በመሃል ያለው ሁሉ እርሻ፣ ግጦሽና ባሕር ዛፍ ሆኗል። ገብስና ድንች ከ3,500 ሜትር በላይ እየተዘራ ነው። ማንም ገበሬ ለደስታው ያን ያህል አይወጣም፤ መሬት ጠቦት ነው።

ከአዊ ዞን አንድ ጥሩ ጥናት አለ። ጌታቸው ባንቲሁንና አፈወርቅ በቀለ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2012 በአሪድጺ ደን በአራት ቦታ ወጥመድ ዘረጉ፦ በተፈጥሮ ደን፣ በቁጥቋጦ፣ በሣር መሬትና በማሳ። በሕይወት ከያዙት 468 ትንንሽ እንስሳት ውስጥ ሰባት የአይጥ ዝርያና አንድ ሌላ ነፍሳት በል ተገኙ። ብዛት ያለው ያ ባለ ብሩሽ ጸጉሩ ሎፉሮሚስ ነበር፣ 30.6 በመቶ። ነጭ እግሯ የደን አይጥ 20 በመቶ፣ ባለ ብዙ ጡቷ አይጥ 11.6 በመቶ ነበሩ።

እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማን ነው ጎተራችሁን የሚበላው?

ሎፉሮሚስ ከሌሎች አይጦች በተለየ ነፍሳትና ትል አብዝቶ ይበላል። ነጭ እግሯ ደንና ቁጥቋጦ ነው የምትወደው። እህል ላይ ዋናዋ ጠላት ባለ ብዙ ጡቷ ናት። ስሟ እንደሚናገረው በአንድ ወሊድ አሥርና ከዚያ በላይ ልትጥል ትችላለች፤ ማሳ፣ ጎተራ፣ የሰው ቤት ይመቻታል። ዝናብ ሰምሮ ምግብ ሲበዛ ቁጥሯ ድንገት ይፈነዳል።

እንግዲህ ደኑ ሲመነጠር ምን ይሆናል? ደን ብቻ የለመደው መሄጃ የለውም፤ ቁርጥራጩ ደን ውስጥ ተከቦ ይቀራል፣ ቀስ እያለ ይጠፋል። ክፍት መሬት የምትወደው ደግሞ ቤቷ ሰፋላት። "አይጥ በዛ" ስንል ሁሉም አይጥ በዛ ማለት አይደለም። አንዷ በዛች፣ ሌሎቹ ከሰሩ። ከዚያ መርዝ ይነሰነሳል። መርዝ ደግሞ ስም አይጠይቅም፤ የተመረዘ አይጥ የበላ ጉጉትም ድመትም ይሞታል። ያለ ደመወዝ አይጥ የሚይዝልንን ጠባቂ ገደልን ማለት ነው።

ስለዚህ ምደባ የሙዚየም ሰዎች ጨዋታ አይደለም። የትኛዋ እህል እንደምትበላ ካልታወቀ መፍትሔው ጭፍን ይሆናል። ትግራይ ውስጥ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ዮናስ መኸረቱና ባልደረቦቹ ያጠኑት ይህንኑ ያሳያል፦ አፈር ለመጠበቅ የተሠራ የድንጋይ እርከን ለአይጥ መጠለያም ይሆናል። እርከኑ ይፍረስ ማለት አይደለም፣ አፈሩ ያስፈልገናል። ግን እርከን ሲሠራ የአይጥ መከላከሉም አብሮ ይታሰብ ማለት ነው።

ስም የሌለው አይጠበቅም

ሌላም አለ። አንድ እንስሳ "በመላ አፍሪካ የሚገኝ" ተብሎ ከተጻፈ፣ ከጮቄ ቢጠፋ ማንም አይደነግጥም። "በሰሜን ምዕራብ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ" ከተባለ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የጥበቃ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ለበጀትና ለፕሮጀክት መከራከሪያ ይሆናል። ዋልያ ለስሜን የሆነውን፣ ለጮቄ መሆን የሚችሉት እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው።

የናይል ምንጭ አይጥ ለዚህ ማስረጃ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ከዚያች ከደረቀችው የቺካጎ ናሙና ዲ.ኤን.ኤ አውጥቶ፣ ቅርብ ዘመዷ በአፍሪካ ጅረቶች ውስጥ የሚያድነው ኮሎሚስ መሆኑን፣ እሷ ግን ራሷን የቻለች መሆኗን አረጋገጠ። እንግዲህ ጠፍታ ከሆነ የጠፋችው አንድ አይጥ ብቻ አይደለችም፤ ዓለም ላይ ሌላ አምሳያ የሌለው ሙሉ የዘር መስመር ነው የጠፋው።

ምናልባትም አልጠፋችም። ፔሩ ውስጥ ማቹ ፒቹ ላይ ከጥንት መቃብር በወጣ የራስ ቅል ብቻ ትታወቅ የነበረች የጉም ደን አይጥ ነበረች። ጠፍታለች ተብሎ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በሕይወት ተገኝታ ፎቶ ተነሣች።

እዚህ ግን ፈላጊ ሊኖር ይገባል። ከክረምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት እንኳን ወጥመድ ይዞ ተራራ መውጣት፣ ከሞጣ ባሕር ዳር መሄዱም ራሱ ጭንቅ የሆነበት ጊዜ አለ። ሰው እየሞተ ስለ አይጥ ይወራል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ይገባኛል። ግን ሰላም ሲመጣ የሚጠብቀን ተራራ ምን እንደሚመስል የሚወሰነው አሁን ነው። ደን ተኩስ እስኪቆም አይጠብቅም፤ ሕግ አስከባሪ በሌለበት ጊዜ መጥረቢያ ይፈጥናል።

ከእጃችን ያለው

አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን። የቄሶቹና የሽማግሌዎቹ ጥበቃ ባይኖር ምሥራቅ ጎጃም ላይ ነባር ዛፍ አይቀርም ነበር። ዙሪያውን በድንጋይ አጥር መከለልና ከብት ማስቀረት ብዙ ወጪ የለውም፤ ከታች ያለው ችግኝና ትንንሹ እንስሳ ያገግማል።

ሁለተኛ፣ የጅረት ዳር። ግራና ቀኙ ጥቂት እርምጃ ሳይታረስና ሳይጋጥ ቢቀር ውኃውም አፈሩም እንስሳውም ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁ። ጅረት ዳር የሚዋኝ፣ ያልለመዳችሁት አይጥ ካያችሁ አትግደሉት፣ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ፎቶ አንሱት። ቦታውንና ቀኑን መዝግባችሁ በአቅራቢያችሁ ላለ የዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ክፍል ስጡ። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም አለ።

አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። እናቶቻችንና አባቶቻችን የማሳውን፣ የቤቱንና የደኑን አይጥ በተለያየ ስም ይጠሩ ነበር? በእናንተ ቀበሌ ምን ይባላሉ? ዛሬ ማታ ቤት ያሉትን ጠይቁና ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ስሙ ከጠፋ፣ እንስሳው ሲጠፋም ማወቂያ የለንም።