«ሰልጣኝ እኮ ነው» የምትል ማምለጫ

በየጋራዡና በየብረታ ብረት ቤቱ ሥር የሰደደ አንድ አባባል አለ፦ «ሰልጣኝ እኮ ነው፣ ሠራተኛ አይደለም።» ደመወዝ ስለማይከፈለው ደኅንነቱም የላከው ኮሌጅ ጣጣ ነው ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ ልጆችን እያስጎዳ ነው።

ለትብብር ሥልጠና የተላከ ልጅ ብየዳ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ይህ ነው። ያለችው አንዲት የብየዳ ማስክ ባለሙያው ፊት ላይ ናት። ልጁ «ያዝልኝ» ይባልና ብረቱን ደግፎ ይቆማል፤ ብልጭታው ሲነሳ ፊቱን ያዞራል፤ ሲብስ የፀሐይ መነጽር ያደርጋል። የፀሐይ መነጽር የብየዳን ጨረር አይመክትም። ሕመሙ የሚነሳው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ አሠሪው አያየውም፤ ልጁ ግን ዐይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል እየቆረቆረው ያድራል። ጠዋት ሲመጣ «ይለመዳል» ይሉታል። ግራይንደሩም መከለያው ወልቋል፤ ሥራ ያጓትታል ተብሎ።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ነባሩ ባለሙያ ዲስኩ ሊሰበር ሲል ከድምፁ ያውቃል፣ የት መቆም እንዳለበትም ያውቃል። ይህን ሁሉ የማያውቀው ጀማሪ ነው፤ ማስኩ ግን ለሚያውቀው ተሰጥቷል።

ሕጉ ሰልጣኙን ጨርሶ አልረሳውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ አደጋው እንዲያስረዳ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያስገድዳል። ለማጅ ሠራተኛ አካሉ ቢጎድል ካሳው የሚሰላው ሙያውን ጨርሶ ሊያገኝ ይችል በነበረው ደመወዝ ነው። ችግሩ፣ አዋጁ ከሥልጠና ውሎች ውስጥ ያቀፈው የሙያ መልመጃ ውልን ብቻ መሆኑ ነው። የኮሌጅ ልጅ የሚሄደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በትብብር ደብዳቤ ነው። አደጋ ሲደርስ አሠሪው «ውል የለንም»፣ ኮሌጁ «በእኛ ግቢ አልደረሰም» ይላል፤ የሕክምናው ወጪ ወላጅ ላይ ይወድቃል።

«ትናንሽ ድርጅቶች አቅም የላቸውም» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። የወለቀውን መከለያ መልሶ መግጠም ምን ያስወጣል? በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማስረዳትስ? ሁለተኛ ማስክ መግዛት የማይችል ድርጅት፣ ብየዳ ላይ ሁለተኛ ሰው አያቁም። የሰልጣኙን ነፃ ጉልበት ሥራ ሲበዛ የሚፈልገው አሠሪ፣ ሲጎዳ አላውቀውም ሊል አይገባም።

ኮሌጆችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ክትትል የሚባለው በብዙ ቦታ የሰዓት ፊርማ ማረጋገጥ ሆኗል። አስተባባሪው ልጁ መገኘቱን ይጠይቃል እንጂ ምን ለብሶ እንደሚሠራ አያይም። አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በደብዳቤ ፈንታ ግዴታዎቹን የሚዘረዝር ውል በጽሑፍ ይፈረም፤ ሳይፈረም ልጅ አይላክ። አስተባባሪው ከፊርማው በፊት ማስኩንና መከለያውን ይይ። ከጎደለ ሰልጣኙን በዚያው ቀን ይዞ ይውጣ።